የእንቧይ ጨረቃ

ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ ካርቶን፣ ሙጫና የቀለም እርሳስ ታቅፋ ከትምህርት ቤት ገባች። በአካባቢያችሁ ከሚገኝ ነገር የትምህርት መርጃ ሠርታችሁ አምጡ ተብለው፣ የእሷን ቡድን ፀሐይ፣ መሬትና ጨረቃ ደርሶታል። «እማማ፣ ለጨረቃ የሚሆን ትንሽ ክብ ነገር አለሽ?» አለችኝ። አሰላ ካለው ቤቴ አጥር ሥር እንቧዩ ቢጫ በቢጫ ሆኖ ረግፏል። አይቼው «ነገ እንፈልጋለን» አልኳት። የእንቧይ ጨረቃ ነገር ይህን ሁሉ ዘመን ቆይቶ አሁንም ይቆጠቁጠኛል።

በቆጂ ስምንተኛ ክፍል ስማር የሳይንስ መምህራችን ጋሼ ግርማ ይባል ነበር። ያኔ አንቱ እንለው ነበር፤ ዛሬ ግን አንቱታው ከአፌ አልወጣ ይለኛል። ከቆላ አገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው፤ ከነካፖርቱ ያስተምራል፣ ጠመኔውንም በጓንት ይይዛል። በብርድ ፍራቻው ብንስቅበትም እንደሱ የምንወደው አስተማሪ አልነበረም። ሌሎቹ የሰሌዳውን ጽሑፍ ሲያስገለብጡን እሱ ወደ ሜዳ ያወጣናል። እንጨት ተክሎ ጥላው ጠዋትና ከሰዓት የት እንደሚደርስ ያሳየናል፤ ከጭላሎ ሥር የለቀምነውን ድንጋይ እያገላበጠ ተራራው በጥንት ጊዜ እሳት ይተፋ እንደነበር ይነግረናል።

አንድ ቀን እኔንና አብራኝ የምትቀመጠውን ጓደኛዬን ጫልቱን አስቀርቶ «አሰላ ለሚደረገው የትምህርት መርጃ ኤግዚቢሽንና ውድድር ሰማዩን ራሱን እንሥራው» አለን። ከትምህርት በኋላ እየቀረን ወራት ፈጀብን። መሬትን የኳስ ካላማደሪያ፣ የውስጡን ላስቲክ፣ ነፍተን በላዩ የጋዜጣ ቁራጭ በዱቄት ሙጫ እየደራረብን ሠራናት። ፀሐይ በወተት ቆርቆሮ ውስጥ የተቀመጠች ኩራዝ ነበረች። እጀታውን ስናዞር የአሮጌ ብስክሌት ሰንሰለት ሁሉንም ያንቀሳቅሳል። ጨረቃዋ ደግሞ እንቧይ ነበረች፤ ሽቦ ላይ ሰክተን በመሬት ዙሪያ እናዞራታለን። ችግሯ መጠውለጓ ነው። በየጊዜው ትጨማደድና ጫልቱ ከአጥር ሥር አዲስ ጨረቃ ለቅማ ትመጣለች።

ሥራው ሲያልቅ ስማችንን ከሥሩ እንጻፍ ብለን ጠየቅነው። ሳቀ። «ሰማይ ላይ የማን ስም ተጽፏል?» አለን። ትልቅ ነገር ነበር የመሰለን፤ በመጠየቃችን አፈርን። ደግሞስ ስሙ ምን ያደርግልናል፤ አሰላ ሄደን እያዞርን የምናስረዳው እኛ ነን፣ ቃል ገብቶልናል። እኔ በአማርኛ፣ ጫልቱ በኦሮምኛ ማብራሪያውን በቃላችን ወጣነው።

የኤግዚቢሽኑ ዕለት ጠዋት ትምህርት ቤት ስንደርስ ጋሼ ግርማ ሰማዩን አስጭኖ ሄዷል ተባልን። እኔ ክው አልኩ። ጫልቱን ያሳሰባት ግን ሌላ ነው። «መኪናው ቸኩሎባቸው ነው እንጂ አይረሱንም። ጨረቃዋ እኮ ጠውልጋለች፣ አዲሷን እናድርስላቸው» አለችኝ። ጥሩ ክብ እንቧይ መርጣ በመሐረብ ጠቀለለች። አጎቴ ገብስ ወደ አሰላ የሚያመላልስ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሹፌር ነበርና ጋቢና ውስጥ አሳፈረን። ጥር ነበር፤ በየአውድማው ገብስ ይወቃል፣ እብቁ እስከ መንገዱ ይበናል። የጫልቱ እናት በገብስ በሶና በቅቤ ለውሳ የቋጠረችልንን ጭኮ በላን፤ ቅቤው እጃችንን አወዛው። ሳጉሬን አልፈን ስንወርድ እኔ ማብራሪያዬን እደግማለሁ፣ አጎቴ ይስቅብኛል። በሕይወቴ እንደዚያ መንገድ ደስ ያለኝ ጉዞ ብዙ የለም።

አዳራሹ ውስጥ ሰማያችን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ከፊቱ በትልልቅ ፊደል «አዘጋጅ፦ መምህር ግርማ» የሚል ካርቶን ቆሟል። እጀታውን የማናውቃት፣ ነጭ ካልሲ ያደረገች የአሰላ ልጅ ታዞራለች። ጨረቃዋ ተጨማድዳ ከሽቦው ልትወድቅ ደርሳለች። ጫልቱ መሐረቡን እየፈታች ጠጋ ስትል ከዳኞቹ አንዱ ጋሼ ግርማን «እነዚህም ተማሪዎችህ ናቸው?» ብሎ ጠየቀው።

ጋሼ ግርማ ዞሮ አየን። ደህና አድርጎ ፊታችንን አየ።

«አይደሉም፤ የገጠር ልጆች ናቸው፣ ለጉብኝት መጥተው ነው» አለ።

ማብራሪያዬን ልጀምር አልኩ። በቃሌ ካጠናሁት አንድም አልመጣልኝ። ጫልቱ እጄን ያዘች። በኦሮምኛ «ዲሲ»፣ ተይው፣ ብላ እየጎተተች አወጣችኝ። ደጅ ስንደርስ እንቧይዋን ከነመሐረቡ ቦይ ውስጥ ጣለቻት።

ጋሼ ግርማ አንደኛ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ሲለምን የኖረው ዝውውር ተፈቀደለት። ሽልማቱ ለዝውውር እንደሚረዳ የሰማነው ያኔ ነው። ሚኒስትሪ ፈተናችንን ሳይጠብቅ፣ ደህና ሁኑ እንኳ ሳይለን አገሩ ገባ። እናቱ ናፍቃው ይሆናል፣ ብርዱም አንገሽግሾት ይሆናል። አልፈርድበትም እላለሁ፣ ግን እፈርድበታለሁ። ነግሮን ቢሆን ኖሮ ሰማዩን ራሳችን ተሸክመን እንሸኘው ነበር። ሰማያችንም ወደ በቆጂ አልተመለሰም፤ ከእኛ በኋላ የመጡት ልጆች ፀሐይንም መሬትንም ከሰሌዳ ገለበጡ።

የልጅ ልጄ ጨረቃ በጠየቀችኝ ማግስት አጥር ሥር ወስጄ እንቧይ አስለቀምኳት። እንደሚጠወልግና መለወጥ እንዳለበት ነገርኳት። ከሥሩም ስምሽን ጻፊ፣ የጓደኞችሽንም ጻፊ አልኳት። ከዚያ መሬት በፀሐይና በጨረቃ መሐል ስትገባ ጥላዋ ጨረቃ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ማስረዳት ጀመርኩ። ሳላስበው ሁሉም መጣልኝ፣ አዳራሹ ውስጥ የጠፋኝ ማብራሪያ፣ በጋሼ ግርማ ቃል፣ እሱ ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታ ትንፋሽ እየወሰድኩ። አንድም ስህተት የለበትም። ስለ ሰማይ አንድም ቀን ዋሽቶን አያውቅም። የዋሸው ስለ እኛ ብቻ ነው።