የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ሆኜ ስንዴ አልስማማ ሲለኝ

እናቴ አምቦ ውስጥ ዳቦ ጋግራ ትሸጥ ነበር። አባቴ ደግሞ ጉደር ባለ ጤና ጣቢያ የጤና ረዳት ነበር፤ ሰዉ ግን «ዶክተር» ነበር የሚለው። መንግሥት የተለወጠ ሰሞን አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ከዚያ ዘመን ከሁሉ አብልጬ የማስታውሰው ሆዴን ነው። እጅና እግሬ እንደ እንጨት ቀጭን፣ ሆዴ ግን የተነፋ ነበር። ከክፍል ቶሎ ቶሎ እየሮጥኩ ስለምወጣ አስተማሪዬ «ፈቃድ ጠይቂ» ማለቱን ትታ በሩ አጠገብ አስቀመጠችኝ።

አባቴ «ትል ነው» ብሎ የትል መድኃኒት ሰጠኝ። ሳይሻለኝ ሲቀር ጃርዲያ ነው አለ፤ ከዚያ ደግሞ አሜባ። ሰገራዬን ራሱ በማይክሮስኮፕ አይቶ ምንም ሲያጣ እንኳ «ተደብቆ ይሆናል» ብሎ መድኃኒቱን ይደግምልኝ ነበር። እናቴ የምታውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ከምትሸጠው ዳቦ መካከል በደንብ ኩፍ ያለውን መርጣ ከሻይ ጋር ታቀርብልኛለች። «ብዪ ልጄ፣ አጥንትሽ ሥጋ ይልበስ» ትላለች። እበላለሁ።

አንድ ቀን አባቴ ክብደቴን መዝኖ ሲያበቃ ወደ እናቴ ዞሮ፣ «ይሄ ነገር ከእናንተ ወገን የመጣ ነው» አላት። የእናቴ ታናሽ እህት በልጅነቷ ሆዷ አብጦ ነበር የሞተችው። ከዚያ ወዲህ ሆዴን ባመመኝ ቁጥር እናቴ ፊት ላይ የጥፋተኛ ሰው ፊት አይ ነበር።

እንደዚሁ እየታመምኩ አደግኩ። አሥረኛ ክፍል ስደርስ በሦስት ዓመት የምበልጠው ወንድሜ በቁመት ጥሎኝ ሄዷል። ትምህርቴን ጨርሼ መምህርት ሆንኩና ጊንጪ ተመደብኩ። ከጭልሞ ጫካ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየሁ። አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው ጠና ያሉ ሴት ነበሩ። ብቻዬን እንዳልበላ ብለው ከገበታቸው አስቀመጡኝ። የምንበላው የጤፍ እንጀራ በሽሮ፣ ድንች፣ አልፎ አልፎ የበቆሎ ቂጣ ነው። ዳቦ ከቤታቸው አይገባም፤ ጥርሳቸው አልቆ ስለነበር አይወዱትም።

በሦስተኛው ወር ቀሚሴ ጠበበኝ። መሮጡም ቀረ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ቀን ቆሜ አስተምሬ ሳይደክመኝ ወደ ቤት ተመለስኩ። አየሩ ተስማማኝ ብዬ አሰብኩ።

ለገና አምቦ ስገባ እናቴ ድፎ ዳቦ ደፍታ ጠበቀችኝ። በሦስተኛው ቀን ታምሜ ተኛሁ። እናቴ በኦሮምኛ «ማል ታቴ፣ ኢንተላ ኮ?» እያለች፣ ምን ሆንሽ ልጄ ማለቷ ነው፣ ግንባሬን ትዳብሳለች። ጊንጪ ስመለስ ተሻለኝ። ለፋሲካ መጣሁ፤ ደግሞ ተኛሁ። በክረምቱም እንዲሁ። ያኔ ነው ዳቦውን የጠረጠርኩት። በሚቀጥለው ስመጣ፣ «እማዬ፣ ዳቦ ይቅርብኝ» አልኳት።

«ለምን?»

«አይስማማኝም።»

«የሰው ቤት ሲስማማሽ የእናትሽ እጅ አልስማማሽ አለ?» ብላ ሳህኑን አነሳችው። በዚያ ቆይታዬ ብዙ አላናገረችኝም።

ዳቦ ከተውኩ ዓመት ያህል ቆይቼ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ወደቅኩ። የደም ማነስ ተባለ፤ በልጅነቴ የተጎዳው ሰውነቴ ገና አላገገመም ነበር። መንስኤውን እንዲያጣሩልኝ አዲስ አበባ ወደሚገኝ የአንጀት ሐኪም ላኩኝ። ከሚሌኒየሙ በዓል በኋላ ነበር። ሐኪሙ ረጋ ያለ ሰው ነው። ገና እንደተቀመጥኩ «ምን ስትበዪ ነው የሚያምሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ያህል ዘመን ስታመም ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እንባዬ መጣ።

ነገሩን አስረዳኝ። ስንዴና ገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር አለ፤ አንዳንድ ሰው ሲበላው የገዛ ሰውነቱ አንጀቱን ያጠቃል። ጤፍ ውስጥ የለም፤ በቆሎም ውስጥ የለም። ችግሩ፣ ደሜ ሲመረመር ምንም አልተገኘም። «ስንዴ ካቆምሽ ቆይተሻል፤ ምልክቱ ከደምሽ ጠፍቷል። ጥቂት ሳምንት ዳቦ በልተሽ ተመለሺ» አለኝ። ሞከርኩት። በስድስተኛው ቀን ከአልጋ መነሳት አቃተኝ፤ ተውኩት።

«እንግዲያው በዘር በኩል እንየው» አለ ሐኪሙ። «ይህ በሽታ የሚይዘው የተወሰነ ዘረ መል ያለበትን ሰው ነው። ከሌለብሽ ሌላ ነገር እንፈልጋለን። ካለብሽ ግን የግድ ታማሚ ነሽ ማለት አይደለም። ብዙ ጤነኛ ሰው ተሸክሞት ይኖራል። ወላጆችሽንና ወንድምሽንም ብናይ ጥሩ ነው፤ ቤተሰብ ውስጥ ይሄዳልና።»

አምቦ ሄጄ ነገርኳቸው። አባቴ ጡረታ ወጥቶ ነበር። «ስንዴ?» አለ። «ስንት ዓመት ሕመምተኛ ሳይ ስንዴ የጣለው ሰው አላየሁም!»

እናቴ እጇ ላይ የነበረውን ዱቄት በመቀነቷ ጠረገችና፣ «ታዲያ በእጄ ሳበላሽ የኖርኩት መርዝ ነው?» አለች።

«አላወቅሽም እማዬ። አባዬም አላወቀ።»

«እኔ እናት ነኝ» አለችና ወጣች። ዘመዶቿን፣ የሞተችውን እህቷን እያሰበች እንደሆነ ገብቶኛል። ለምርመራው ልንሄድ ስንል ግን ከሁላችን ቀድማ ለብሳ የተነሳችው እሷ ነበረች።

አራታችንም ደም ሰጠን። ናሙናው ወደ ውጭ አገር ተልኮ ውጤቱ ሲመጣ ወራት አልፈዋል። ሐኪሙ ወረቀቱን ዘርግቶ አንድ በአንድ ነገረን። ዘረ መሉ እኔ ላይ አለ። ወንድሜ ላይ የለም። እናቴ ላይም የለም። አባቴ ላይ አለ።

እናቴ የሰማችውን አላመነችም። «እኔ ላይ የለም?»

«የለም፣ እናት» አላት። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ አባቴን አየው። «አባት፣ እርስዎስ ሆድዎ እንዴት ነው?»

«ደኅና ነው። ጨጓራ ብቻ ነው፤ የቆየ ነው።»

«ደኅና?» አለች እናቴ። «ሌሊት ሌሊት ሆዱን ይዞ ሲቀመጥ ነው የኖረው። ኪኒኑን ከኪሱ አይለይም። እጁ ደግሞ በትንሽ መውደቅ ሁለቴ ተሰብሯል።»

አባቴ በየቀኑ ዳቦ ይበላ ስለነበር ምልክቱ ከደሙ አልጠፋም። ደሙ ተመረመረ፤ ቀጥሎም በቱቦ አንጀቱን አዩት። በሽታው ነበረበት፤ ሐኪሙ እንዳለው ምናልባት ከጉልምስናው ጀምሮ፤ አጥንቱንም ያሳሳው ይኸው ነው። የእኔም ነገር በዚያው ተቋጨ። ዘረ መሉ፣ ዳቦ ስበላ የሚሆነውና የአባቴ ውጤት ተደምሮ፣ ሐኪሙ «እንደ ታማሚ ኑሪ፤ ስንዴና ገብስ ዕድሜ ልክሽን አትንኪ» አለኝ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ አባቴ ከእናቴ ጎን ተቀምጦ ነበር። ሆለታን እንዳለፍን ወደ እሷ ዞረ።

«ያን ጊዜ ከእናንተ ወገን ነው ያልኩሽ ነገር» አለ፤ «ስህተት ነበር። ይቅር በዪኝ።»

«ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው እኮ» አለች እናቴ። ከዚያም፣ «የእህቴ ሞት ግን በምን ነበር ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችው። አባቴ እንደማያውቅ ነገራት። «አላውቅም» ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው መሰለኝ፤ በፊት አንደበቱ አይለምደውም ነበር።

እናቴ ዳቦ መጋገር ልተው ብትል ወንድሜና እኔ ከለከልናት። ምድጃውን ከግቢው ጥግ ወዳለው ክፍል አዛወረችው፤ ለእኛ ምግብ ሌላ ወንፊትና ሌላ ድስት ያዘች። እኔ አልተቸገርኩም። አባቴ ነው ያስቸገረው። አንድ ከሰዓት በኋላ ጓዳ ገብቶ የገብስ ቆሎ ሲቆረጥም አገኘሁት። «ገብስ እኮ ስንዴ አይደለም» አለኝ፣ ሐኪሙ ያለውን ልቅም አድርጎ እያወቀ። በዚያው ሳምንት ሆዱ ተበላሽቶ አልጋ ላይ ዋለ። ከዚያ በኋላ አልደገመም። ዓመት ሳይሞላ ፊቱ ሞላ፤ ኪኒኑንም ተወ።

የቀረው የቤተ ክርስቲያን ነገር ነበር። አባቴ በምንሄድበት ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። የጌታ እራት ሲቀርብ ዳቦውን እያሳለፈ ጽዋውን ብቻ ይወስዳል። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ፤ በእኛ ዘንድ እራቱን የማይወስድ በኃጢአት ከኅብረት የታገደ ነውና። ወሬው ለእናቴ ደረሰ። አባቴ ገመናውን ለሰው መንገር የማይወድ ሰው ነው። ቢሆንም በአንድ እሑድ ተነስቶ፣ ስንዴ የማይስማማው መሆኑን፣ በሽታው ዘር የሚከተል መሆኑን፣ ለልጁም ያወረሰው እሱ መሆኑን ተናገረ። ከዚያም ተቀመጠ።

መጋቢው ከሽማግሌዎቹ ጋር ከተነጋገረ በኋላ ከጤፍ የተጋገረ ቂጣ ለብቻው በትንሽ ሳህን እንዲቀርብ ተስማሙ። እናቴ ጋገረችው። በመጀመሪያው እሑድ ሳህኑ ወደ እኛ ሲመጣ አባቴ ቆርሶ ወሰደና ለእኔ አሳለፈልኝ። ከኋላችን የተቀመጡ አንዲት ሴት ከአምልኮው በኋላ ደጅ ላይ ጠብቀውን፣ «ኦቦ» አሉት አባቴን በአክብሮት፤ «የልጄ ልጅ ሆዱ ተነፍቶ ሰውነቱ አልሞላ አለ። የእርስዎን ሐኪም አድራሻ ይጻፉልኝ።» አባቴ እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሱን ይዳብስ ጀመር።