ያልተደረሰ ለቅሶ

እትዬ የሺሃረግ ሰው አያምኑም። አሰላ ገበያ አጠገባቸው ነጭ ሽንኩርት ስሸጥ ስንት ዘመኔ፤ እኔንም ቢሆን አያምኑኝም። የሳጉሬ ገብስ ሲገዙ ላይ ላዩን አያዩም፤ ክንዳቸውን ጆንያው ውስጥ እስከ ክርናቸው ሰደው ከሥር ይዘግናሉ። «ላዩማ ለዓይን ነው» ይላሉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የተባለው ለእሳቸው ሳይሆን አይቀርም።

ወላጆቻቸው የሞቱባቸውን የወንድማቸውን ልጆች፣ እንደሻውንና ዮፍታሔን፣ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ዮፍታሔ በመኪና አደጋ ሲሞት ሚስቱ ራሄል እርጉዝ ነበረች። እንደሻው የወንድሙ አርባ እንኳን ሳይወጣ፣ ዮፍታሔ ከአባታቸው የወረሰውን ቤት «ለእኔ ይገባል፤ ሆድ ውስጥ ያለ ሰው አይባልም» ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ። ዳኛዋ ግን ሕጉን ነገሩት፤ ፅንስ ጥቅሙ ሲፈልግ እንደ ተወለደ ይቆጠራል፤ በሕይወት ተወልዶ አርባ ስምንት ሰዓት ከቆየ ወራሹ እሱ ነው። እስከዚያ ይጠበቅ ተባለ።

እትዬ በመጀመሪያ የጠረጠሩት ራሄልን ነበር። ጨርቅ ጠቅልላ እንዳይሆን ብለው ሆዷን ዳበሱ። ከውስጥ ሲራገጥባቸው ደንግጠው እጃቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ወዲህ ጥርጣሬያቸው ወደ እንደሻው ዞረ።

ልጁ ተወለደ፤ ግን ከሲታ ነበር። እንደሻው ከዚያው ቀን ጀምሮ በየሰዓቱ ይደውላል፤ «እትዬ፣ ልጁ እንዴት ነው?»

«አንዴ እንኳን ‹ማርያም ማረቻት?› አይልም» አሉኝ። በማግስቱ፣ ልጁ ሁለት ቀን ሳይሞላው፣ ሲደውል ድምፃቸውን ሰበር አድርገው «ልጁ አልሆነልንም» አሉትና ስልኩን ዘጉ።

«በሕፃን ይሟረታል?» ብዬ ጮኽኩባቸው። በጣም ነው የተናደድኩት።

«እስቲ ከሥሩ ልዝገነው» አሉ።

«ለቅሶማ ይመጣል፤ የወንድሙ ልጅ እኮ ነው ሞተ የተባለው» አለች ራሄል። እትዬ በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ ይላሉ። ለአንድ ጊዜ ቢሳሳቱ ምን ያህል ደስ እንደሚላቸው ፊታቸው ላይ አየሁ። በሳምንቱ የመጣው ግን የፍርድ ቤት መጥሪያ ነበር።

እንደሻው ከረባቱን አስሮ ዳኛዋ ፊት ቆመ። «ክብርት ዳኛ፣ ሕፃኑ ሁለት ቀን ሳይሞላው ስላረፈ…» ሲል እትዬ ከኋላ ተነሥተው ጋቢያቸውን ገለጡ። ሕፃኑ ብርድ ነካውና አለቀሰ።

«ማነው ይሄ?» አሉ ዳኛዋ።

እትዬ ወደ እንደሻው ዞሩ። እንባቸው እየወረደ ያሳደጉትን ልጅ ያያሉ።

«እንደሻው ልጄ፣ ለቅሶ ብትደርስ እኮ ታገኘው ነበር።»