የአማቱ ምላስ

ሰውዬው ቁጭ ማለት አልሆነለትም። ሲቀመጥ ወንበሩ ይቆረቁረዋል፤ ሲነሳ እግሩ ወደ መስኮት ይወስደዋል፤ የከፈተውን መስኮት መልሶ ይዘጋዋል። ልብስ ሰፊ ሚስቱ ቦርሳዋን እያነገተች፣ «አንተ ሰው፣ ወለሉን በእግርህ ልትጨርሰው እኮ ነው» ትለዋለች። እሑድ በቀረበ ቁጥር ልቡ ጎጆዋ እንደ ፈረሰባት ወፍ ይርገበገባል።

ጉልምስናውን ሁሉ ያሳለፈው ካፌ ውስጥ፣ በአንድ ትልቅ ባለእጀታ የቡና ማሽን ፊት ቆሞ ነው። ቡናው ገና ሲፈጭ በጠረኑ ብቻ «ይሄ ቆይቷል፣ ያኛው አርሯል» ይል ነበር። ከዚያ አንድ ክፉ ጉንፋን አልጋ ላይ ጣለው። ሲነሳ ጠረን የሚባል ነገር ከዓለም ጠፍቶ ጠበቀው። ሳሙናው ዝም፣ የሚያርረው ሽንኩርት ዝም፣ ያቺ የዕድሜ ልክ ፍቅሩ ቡናም ዝም። ምላሱም አብሮ አድሞ ማርና ሬት አንድ ሆኑበት።

ሥራ ሲመለስ ደንበኞች ሲኒውን ሙሉውን እየተዉ መሄድ አበዙ። ባለካፌዋ ሆደ ቡቡ ሴት ናት፤ ሆኖም ካፌው እንጀራዋ ነው። አንድ ቀን ከዕቃ ቤት አንዲት ትንሽ ማሽን አውጥታ አሸከመችው። መብራት አትፈልግም፤ የፈላ ውሃ ከላይ ይጨመርባትና እጀታዋ በክንድ ኃይል ወደ ታች ይጫናል።

«አፍንጫህ እምቢ ካለ እጅህን አስተምረው» አለችው። «የወሩ መጨረሻ እሑድ ጠዋት ቤትህ መጥቼ እጠጣለሁ። ከጣመኝ ቦታህ ቦታህ ነው። ካልጣመኝ ሌላ ሰው አስገባለሁ፤ አትቀየመኝ።»

እሱም ወጥ ቤት ገብቶ ከማሽኗ ጋር ኑሮ ጀመረ። መጀመሪያ ብረቷን በፈላ ውሃ ያሞቃታል፤ ቀዝቃዛ ብረት የውሃውን ሙቀት ይሰርቃልና። ቡናውን ይፈጫል፣ ማጣሪያው ላይ አስተካክሎ ይጠቀጥቃል። እጀታውን ወደ ላይ ሲያነሳ ውሃው ይወርዳል፤ ቡናው እስኪርስ አንድ ትንፋሽ ይታገሣል፤ ከዚያ ይጫናል። ቡናው ሻካራ ከሆነ እጀታው ጭቃ እንደ ረገጠ እግር ዘጭ ይላል። ከመጠን በላይ ከላመ እንደ ተቆለፈ በር ይገግማል። ልኩን ሲያገኝ ግን ክንድ ተደግፎ እንደሚሄድ ሽማግሌ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ እያለ ይወርዳል። እንደዚያ ሲሆንለት በለሆሳስ ያንጎራጉራል፦

አፍንጫዬ ከዳኝ፣ ምላሴም ዝም አለ፣
እጄ ብቻ ቀረኝ አንቺን አንቺን ያለ።

እጅ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ሌላ ሰው ቀምሶ ሊያርመው ይገባል። ሚስቱ ቡና ከቀመሰች ልቧ ይመታል፣ እጇ ይንቀጠቀጥና መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ያቅታታል። ቤቱ ውስጥ የቀሩት አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ ናቸው።

አማቱ ምላሳቸው የታወቀ ነው። ዳቦ ሻጩን «ይሄንን ለበር ማቆሚያ አድርገው» ብለውታል። ቲማቲም ሻጯ እሳቸውን ስታይ ጥሩ ጥሩውን ወደ ላይ ታወጣለች። ከአማቻቸው ፊት ሲሆን ግን ያ ምላስ ቅቤ ይቀባል። እሱም እሳቸውን ቀና ብሎ አያይም። ሁለቱ በኮሪደሩ ሲገናኙ «እርስዎ ይለፉ»፣ «የለም፣ እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ የሚስቱ ራት ይቀዘቅዛል። እናም በየጠዋቱ ሲኒውን ያቀርባል፤ እሳቸውም ፉት ብለው «እጅዎ ይባረክ፣ ማር ነው» ይላሉ። እሱም ያንን ማር አምኖ መፍጫውን እዚያው ላይ ያጸናል።

እሑድ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው አንድ ጥርጣሬ ልቡን ጫር አደረገው። ሆን ብሎ ቡናውን እንደ አሸዋ ፈጨው፤ ብረቷን ሳያሞቅ ለብ ያለ ውሃ ጨመረባት። እጀታው ዘጭ አለ፤ የወጣው የድስት እጣቢ የሚመስል ነገር ነው። አቀረበላቸው። አማቱ ጨልጠው ጠጡና፣

«እጅዎ ይባረክ፣ ማር ነው» አሉ።

ባዶውን ሲኒ አንስቶ ወጣ። ያ ሁሉ ጠዋት፣ ያ ሁሉ ማር፣ እንዲሁ ይሉኝታ ኖሯል! ለሚስቱ ሲነግራት ወንበር ላይ እስክትወድቅ ሳቀች።

«እናቴን ታማለህ እንዴ? አማቿን ‹ቡናዎ አይጠጣም› እንድትል ነው? ግድ የለም፣ ነገ እኔ እሠራዋለሁ።»

«አንቺ ትችያለሽ?»

«አንተ ትሠራዋለህ፣ እኔ ሠራሁት እላለሁ።»

በማግስቱ እሱ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመ። ሚስቱ በሰሞኑ ልክ የተሠራውን ሲኒ ይዛ ገባች። «እማዬ፣ እስቲ የእኔን ቅመሺ።»

አማቱ ፉት አሉ። ከዚያ ሲኒው ጠረጴዛው ላይ ኳ ሲል ተሰማ።

«ምን በድዬሽ ነው? አፌን አጨማደደው እኮ! ሎሚ ጨመቅሽበት? ባልሽ እንዴት አድርጎ ይሠራ የለ፣ ቆመሽ አታይም? እጅሽ ለመርፌ እንጂ ለዚህ አልተፈጠረም!»

እሱ ከመጋረጃው ኋላ ሆኖ በሠርጉ ዕለት እንኳ ያላገኘውን ደስታ አገኘ። ኮምጥጧል! እንግዲያው ቡናው ይበልጥ መላም፣ ብረቷም ይበልጥ መሞቅ አለባት። ራሱን መያዝ አቅቶት፣ «እግዜር ይስጥልኝ!» ብሎ ወጣ።

አማቱ ሲያዩት ነገሩ ገባቸው። ፊታቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ። «መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ» አሉና ክፍላቸው ገብተው ዘጉ። ከዚያ ወዲያ ቡና ሲቀርብላቸው «ሆዴን አሞኛል» ሆነ መልሳቸው። እሱ መፍጫውን ያላላል፣ ያጠብቃል፣ ኮሪደሩን ይመላለሳል። የሚነግረው የለም።

እሑድ ማለዳ የአማቱን በር አንኳኳ።

«እናቴ፣ ዛሬ ዝም ካሉኝ ሥራዬ አለቀለት። ለእጄ ዓይን የሚሆነው የእርስዎ ምላስ ነው። እባክዎ ይስደቡኝ።»

«አማቼን? በምን አፌ?»

«ዳቦ ሻጩን በሰደቡበት።»

ከውስጥ የታፈነ ሳቅ ተሰማ፤ በሩ ተከፈተ።

ባለካፌዋ ሳሎን ከሚስቱ ጋር ስትጫወት፣ አማትና አማች ወጥ ቤት ገቡ። የመጀመሪያውን ቀመሱ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና ኮምጣጣ ነው። ይድፉት።» ቡናው እንዲልም መፍጫውን አጠበቀ። ሁለተኛውን ቀመሱ። «ይሄ ደግሞ፣ በሞቴ አይቆጡኝ፣ የከሰል እጣቢ ነው። ለጠላትም አይሰጥ።» ትንሽ አላላ። ብረቷን አሞቀ፣ ጠቀጠቀ፣ ታገሠ፣ ተጫነ። እጀታው ቀስ፣ ቀስ እያለ ወረደ። ሦስተኛውን ፉት አሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደገሙ። ደገሙና ባዶ ሲኒ አስቀመጡ።

«ጨረሱት እኮ!» አለ በድንጋጤ።

«ምን ላድርግ፣ ጣፈጠኝ። እንደሱ አድርገው ይድገሙት።»

ልኩ ከተገኘበት ከረጢት የቀረው ቡና ለአንድ ሲኒ ብቻ የሚበቃ ነበር፤ አዲስ ከረጢት አዲስ ልክ ይፈልጋል፤ ለቀማሽ የሚተርፍ አልነበረም። ዓይኑን ጨፍኖ ክንዱ ለሦስተኛው ሲኒ የተሸከመውን ክብደት ፈለገ። አገኘው መሰለውና ዓይኑን ገለጠ። ወፍራሙ ቡና እንደ ክር ወረደ፤ ቀለሙ ሊገረጣ ሲል እጁን አነሳ። ሲኒውን ራሱ ይዞ ሳሎን ገባ።

ባለካፌዋ ፉት አለች። እንደገና ፉት አለች። እሱ አንዴ በአንዱ አንዴ በሌላው እግሩ ይቆማል።

«ቁጭ በል እንጂ!» አለችው።

«አልችልም፣ እትዬ።»

«በል እንግዲያው ነገ በጠዋት ና። ግን የመጀመሪያዋን ሲኒ በየቀኑ እኔ እቀምሳለሁ። ከተበላሸች በሰው ፊት ነው የምጮህብህ።»

«ይጩሁብኝ! ብቻ ዝም እንዳይሉኝ።»

ሚስቱ እልል ማለት ቃጣት፤ አፏን በእጇ ያዘች። እሱ ግን ወጥ ቤት ተመልሶ አዲስ የቡና ከረጢት ይቀድ ነበር።

«ሌላ ልሥራልዎ?» አላቸው አማቱን።

«ልቤን ሊያፈነዱት ነው እንዴ?» አሉና ወንበር ሳቡ። «ትንሽዬ ትሁን። ደግሞ አይቸኩሉ፤ ሲቸኩሉ ያኮመጥጡታል።»