የሸራውን ገመድ የያዙ እህትማማቾች

ከላሊበላ በላይ፣ ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ከብት የሚሰማራባት ሰፊ መስክ አለች። ባለፈው ዓመት ጥቅምት፣ ገብሱ ቢጫ ሆኖ አጨዳ ሊጀመር ሲል፣ እዚያች መስክ ላይ የሦስት ቀን የጥበብ ዝግጅት ተደረገ። ሠዓሊዎች በሸራ ድንኳን ሥር ሥዕላቸውን ሰቀሉ፣ ገጣሚዎች አነበቡ፣ ሙዚቀኞች ከእንጨት በተሠራ መድረክ ላይ ተጫወቱ። ከመድረኩ ጀርባ ገደል ስለሆነ፣ ሸለቆውና ከማዶ ያሉት ተራሮች ከሚዘፍነው ሰው ትከሻ በላይ ይታዩ ነበር።

እኔ አማርኛ አስተምራለሁ። የዝግጅቱ አስተባባሪ ትምህርት ቤት ድረስ መጥታ «የድሮውን የሠርግ ዘፈን የሚያውቁ እናቶች ፈልጊልን» ስትለኝ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። በወጣትነቷ እናቴ ያልዘፈነችበት ሠርግ ሠርግ አይባልም ነበር ይላሉ። ችግሩ ግን እናቴ የምትዘፍነው ከታላቅ እህቷ ጋር መሆኑ ነው። ሙሽራዪቱ ከእናቷ ቤት ስትወጣ የሚዘፈነው ረጅሙ ዘፈን ሁለት ሴት ይፈልጋል፤ አንዷ ትጠይቃለች፣ ሌላዋ ትመልሳለች። ጠያቂዋ እናቴ ነበረች፤ መላሿ አክስቴ። እነሱ ደግሞ ከተነጋገሩ ሦስት ዓመት ሊሆናቸው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጦርነቱ ጊዜ፣ መንገዱም ስልኩም በተቋረጠበት ወር፣ አያቴ እኛ ቤት ታማ ሞተች። አክስቴ የምትኖረው ኩልመስክ ነው። በደህናው ቀን ጠዋት በሚኒባስ የተነሣ ሰው ለምሳ እኛ ቤት ይደርሳል። እሷ ግን ለቀብሩም ለአርባውም አልደረሰችም። መንገዱ ተከፍቶ ጥቁር ለብሳ ስትመጣ እናቴ በሩ ላይ ቆማ «አሁን ምን ቀረሽ?» አለቻት። አክስቴ ደጃፉ ላይ ትንሽ አለቀሰችና ውኃ እንኳ ሳትቀምስ ተመለሰች። ያን ቀን እኔም እቤት ነበርኩ። ተከትያት ልሮጥ ፈልጌ፣ እናቴን ፈርቼ ቀረሁ።

ዝግጅቱ ሲቃረብ ለአክስቴ በድብቅ ደወልኩላት።

«ይምጡና አብራችሁ ዝፈኑ» አልኳት።

«እናትሽ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

የዶሮዎቿ ድምፅ በስልኩ ይሰማኛል። በመጨረሻ «ይሁን እስቲ» አለች፤ «ሰው ፊት አታባርረኝም መቼም።»

በመጀመሪያው ቀን እናቴ ለብቻዋ ዘፈነች። የጎረቤት ሴቶች በእልልታና በጭብጨባ አጀቧት እንጂ መልሱን የሚያውቅ አልነበረም። ጥያቄውን ዘፍና፣ መልሱ ሊመጣ በሚገባበት ቦታ ትንሽ ትጠብቅና ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበላት። ከመድረክ ስትወርድ እጇን ይዤ «አማረብሽ እኮ!» አልኳት።

«ጎደሎ ነው» አለችኝ።

በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ አክስቴ ደረሰች። በአንድ እጇ ዱላዋን፣ በሌላው በጨርቅ የቋጠረችውን የገብስ ቆሎ ይዛ ዳገቱን ስትወጣ ሄጄ ተቀበልኳት። ከስታለች። እናቴ ከሩቅ ስታያት ፊቷን አዞረችና፣ ሥዕል የምታይ መስላ ድንኳኑ ውስጥ ገባች። አክስቴም ከድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለች። እኔ በሁለቱ መካከል ቆሜ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሣ። የላስታ ነፋስ ሲመጣ አያስጠነቅቅም። አንዱ ካስማ ተነቀለ፣ ቀጥሎ ሌላው፤ ሸራው እንደ ትልቅ አሞራ ክንፍ ብድግ አለ። «ገመዱን ያዙ! ሥዕሉ እስኪወርድ ገመዱን ያዙ!» እያለች አስተባባሪዋ ጮኸች። ገጣሚው፣ ቆሎ ሻጯ፣ አስጎብኚው፣ ዲያቆኑ፣ ሁሉም ያገኘውን ጨበጠ። እኔ አንዱን ምሰሶ አቀፍኩ። ቀና ስል፣ አጠገቤ ባለው ገመድ ላይ እናቴና አክስቴ ፊትና ኋላ ሆነው ተንጠልጥለዋል። ማናቸውም ለቅቀው መሄድ አይችሉም። ሠዓሊዎቹ ደግሞ ሥዕሉን አንድ በአንድ፣ እንደ ሕፃን ልጅ እያቀፉ ነው የሚያወጡት።

መጀመሪያ የተናገረችው አክስቴ ናት። «እጅሽን ይልጥሻል፤ በነጠላሽ ጠቅልለሽ ያዢው።»

እናቴ ጠቀለለችው። ትንሽ ቆይታ፣ ዞር ሳትል፣ «እንዴት ሳትመጪ ቀረሽ?» አለች።

«መጥቼ ነበር።»

«የት መጥተሽ?»

«መታመሟን ከእናንተ አገር በእግሩ የመጣ ነጋዴ ነገረኝ። በነጋታው ስንቄን ይዤ ተነሣሁ። ወንዙ ጋ ስደርስ ወታደሮች ማለፍ አይቻልም ብለው መለሱኝ። እናቴ ልትሞትብኝ ነው ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ያሳልፉኝ እንደሆን ብዬ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ዋልኩ። እምቢ አሉ።»

«መቼ ነው ይኼ?»

«የሚካኤል ለት ነዋ።»

የእናቴ እጅ ላላ፤ ሸራው ተነሥቶ እኔን ከነምሰሶው ሊወስደኝ ደረሰ። «እናቴ፣ ያዢው!» ብዬ ጮህኩ። መልሳ ጨበጠችው።

«የሞተችው በሚካኤል ማግስት ነው» አለች እናቴ። «የሚካኤል ለት ቀኑን ሙሉ አንቺን ስትጠራ ዋለች። 'መንገድ ላይ ናት፣ እየመጣች ነው' እላት ነበር። የት እንዳለሽ ሳላውቅ። እናቴን ዋሽቼ ሸኘኋት እያልኩ ይኸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በር ላይ ሳይሽ የታየኝ ያ ውሸቴ ነው።»

«አልዋሸሻትም» አለች አክስቴ። «መንገድ ላይ ነበርኩ።»

እናቴ አንድ ቃል ብቻ አወጣች፤ «እትዬ።»

ሁለቱም እያለቀሱ ነው፤ እንባቸውን የሚጠርጉበት እጅ ግን የላቸውም። እኔም ምሰሶውን ለቅቄ ልጠርግላቸው አልቻልኩም። በመጨረሻ አንድ ሠዓሊ እየሮጠ መጥቶ ገመዱን ተቀበላቸውና ፊታቸውን ሲያይ ደነገጠ። «አይዟችሁ እናቶቼ፣ ሥዕሉ ሁሉ ተርፏል!» አላቸው። እነሱ ግን አንገት ለአንገት ተያይዘው አልሰሙትም።

በሦስተኛው ቀን አብረው መድረክ ወጡ። እናቴ ጠየቀች፤ አክስቴ መለሰች። የአክስቴ ድምፅ ወፍራም መሆኑን ረስቼው ነበር። እናቷን ዞራ እንዳታይ ሙሽራዪቱን የሚያባብሉበት ቦታ ላይ ሲደርሱ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ቄስ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እናቴ ግን ከዚያ ተሳሳተች። ልጆች ሳሉ ጆሮው ትልቅ በሆነ አንድ ሙሽራ ላይ ለማሾፍ በድብቅ የቀየሩት ስንኝ ነበራቸው፤ በእውነተኛው ፋንታ እሱን ለቀቀችው። አክስቴ መልሱን ልትጀምር አፏን ከፍታ፣ ሳቅ ቀደማት። እናቴም ተከተለች። ሁለት አሮጊቶች ተደጋግፈው እንደ ኮረዳ ሲስቁ፣ ምን እንደሆነ ያልገባው ሕዝብም አብሮ ሳቀ። ዘፈኑን የጨረሱት እንደ ምንም ነው።

ከመድረክ ሲወርዱ አክስቴን ለብቻዋ ይዤ «ያን ቀን ተከትዬዎት መሮጥ ነበረብኝ» አልኳት።

«ብትሮጪም አትደርሺብኝም ነበር» አለችኝ ጉንጬን ዳበስ አድርጋ፤ «በንዴት ነበር የምሄደው።»

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ ብቻቸውን ወደ አያቴ መቃብር ሄዱ። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኋቸውም። አክስቴ አሥር ቀን እኛ ጋ ሰነበተች። የእናቴ ወጥ ጨው በዛበት፣ በሩ ይጮኻል፣ ፍራሹ ይሞቃል ስትል ከረመች፤ እናቴም እየመለሰችላት ቤቱ ሞቅ አለ።

አሁን እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ ስልኬን ትቀበለኛለች። መጀመሪያ ስለ ጤና፣ ቀጥሎ ስለ ገብሱ ይጠያየቃሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚያወሩት አያልቅም። አክስቴ ከአንድ ወር በኋላ የልጅ ልጇን ትድራለች። እናቴ ከሠርጉ ሦስት ቀን ቀድማ ልትሄድ አስባ ነበር። ባለፈው ሳምንት አንድ ሳምንት ይሻላል አለች። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ልብሷን በሻንጣ ስታደርግ አገኘኋት።