ቬስታ የባንጆዋን መቃኛ በብረት ያስቀየረች ጊዜ

ቬስታ ራትሊፍ ግትር ናት። በዚያ የኬንታኪ ሸለቆ ከእሷ ጋር ተከራክሮ የረታ ካለ እሰየው፣ ይምጣና ይናገር! ባሏ አርቪል እንኳ በአርባ ስድስት ዓመት ትዳር ረታኋት የሚለው ሁለቴ ብቻ ነበር።

ባንጆዋን፣ ያን እንደ ክራር የሚመታ ባለ አምስት ክር መሣሪያዋን፣ ገና እጮኛዋ ሳለ የሠራላት እሱ ነው። አምስቱን መቃኛዎች ከደረቅ እንጨት በሰንጢ ጠርቦ በየቀዳዳቸው ሰካቸው። ጥርስ የላቸው፣ ብሎን የላቸው፤ ክሩን የሚይዘው የእንጨቱ መጥበቅ ብቻ ነው። ከተንሸራተተ እንዲይዝ ጠመኔ ትቀባዋለች፣ ገፋ ታደርገዋለች፣ አለቀ። ጣቶቿ ደህና ሳሉ ማለት ነው። አሁን ቁርጥማት አንጓዋን ሁሉ አሳብጦታል።

አርቪል በጥር ሞተ። በየዓመቱ በግንቦት መጨረሻ እሑድ ደግሞ የአገሩ ሰው ኮረብታው ላይ ወዳለው መቃብር ወጥቶ ሣር ያጭዳል፣ አበባ ያኖራል፣ እዚያው ምሳውን ይበላል። አርቪል ሳይሞት "ያን ቀን መጥተሽ ትጫወቺልኛለሽ" ብሏት "እሺ" ብላዋለች። ሳምንት ሲቀረው ግን አንዱን ክር ወጥራ ወደ ሌላው ሳትሻገር የፊተኛው ይላላባት ጀመር።

ጎረቤቷ ሆባርት፣ ትራክተርም የሙዚቃ መሣሪያም የሚጠግነው፣ ሊያያት መጣ።

"እትዬ፣ ጥርስ ያለው የብረት መቃኛ ላስገባልዎት። በሁለት ጣት ይዞራል።"

"የአርቪልን አውጥተህ?"

"ቀዳዳውን ማስፋት አለብኝ። አንዴ ከሰፋ የድሮዎቹ ተመልሰው አይይዙም፤ ኋላ እንዳይወቅሱኝ።"

"ውጣልኝ ከቤቴ!"

ወጣ። እሷም ሦስት ቀን ከመቃኛዎቹ ጋር ስትታገል ሰነበተች። ሐሙስ ዕለት ባንጆዋን አንጠልጥላ ራሷ ሆባርት በር ላይ ቆመች።

"ቶሎ በል፣ ሐሳቤን ሳልቀይር።"

መሰርሰሪያው የመጀመሪያውን ፍቅፋቂ ሲያወጣ ፊቷን አዞረች። "የእሱ እጅ ነው እኮ" አለች። ሆባርት የቀሩትንም ቀዳዳዎች አሰፋ።

እሑድ ከዶሮ ጥብሱና ከበቆሎ ዳቦው በኋላ መቃብሩ አጠገብ ወንበር አወጡላት። የመጀመሪያውን ዜማ ተጫወተች፤ ሲያምር! እዚያ አገር እያንዳንዱ ዜማ የራሱ ቅኝት አለውና ለሁለተኛው ክሮቹን መለወጥ ነበረባት። ሰውም እንደ ልማዱ ተደላድሎ ተቀመጠ። እሷ ሁለቱን ብረት ጠምዘዝ ጠምዘዝ አደረገቻቸው፣ አለቀ።

ሰው ግን ሌላ ነገር እንደሚጠብቅ ሁሉ ወደ መቃብሩ ዞረ።

ያኔ ገባት። ክር የሚቃኝበት ያ ጊዜ የአርቪል ነበር። እሷ ከእንጨቶቹ ጋር ስትታገል እሱ ይነሣና ስለ በቅሎው፣ ስለ ሰባኪው፣ ስለ አማቱ ውሸቱን ይደረድር ነበር። ሰው ከባንጆው ይልቅ ለዚያ ነበር የሚመጣው። እንባዋ መጣ።

"ምነው ቬስታ፣ አልተቃኘም እንዴ?" አለ የአርቪል ጓደኛ ሽማግሌው ኦዴል።

"የሚያወራበትን ጊዜ ወሰድኩበት ኦዴል። ጨርሼ ወሰድኩበት።"

ቬስታ ዓይኗን በክንዷ ጠረገችና የቃኘችውን አንድ በአንድ መልሳ አላላችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እጅግ ቀስ ብላ እንደገና መወጠር ጀመረች።

"አንድ ቀን የአርቪል በቅሎ ስብከት መሃል ቤተ ክርስቲያን ገባች" አለች፣ ቀና ሳትል።