ሴት ውሻ ማን ይወስዳል

እኛ አገር ውሻ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ወንድ ነው?» ብሎ ነው። ጤናው፣ ዕድሜው፣ ጠባዩ ሁሉ በኋላ ነው። ወንድ ካልሆነ ወሬው እዚያው ያልቃል። ሴቷ ትወልዳለች፣ የሰፈሩን ወንድ ሁሉ ደጅ ላይ ትሰበስባለች ይላሉ። ስለዚህ እኔ ከመንገድ የማነሳቸው ውሾች አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ወንዶቹን ሰው ቀድሞ ይወስዳቸዋል፣ ሴቶቹን ቦይ ውስጥ ይጥሏቸዋል። ይህን ስንት ጊዜ አይቼ አሁንም ያናድደኛል።

ደብረ ማርቆስ ገበያው አጠገብ ጧፍ፣ ጥላና ነጠላ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። አንድ ቀን አንዲት ቀላ ያለች ውሻ የሱቄ በር ላይ ባጃጅ ገጫት። ከሁለት ቡችሎቿ ጋር ተሸክሜ ተከራይቼ ወደምኖርበት ግቢ ወሰድኳት። አከራዬ አፋቸው ክፉ፣ ልባቸው ደግ የሆነ አሮጊት ናቸው። «እስክትድን ነው። ስትድን ከሁለት አንዳችሁ ትወጣላችሁ» አሉኝ።

ቡችሎቹ ወንዶች ነበሩና ገና ጡት ሳይጥሉ ጠያቂ መጣላቸው። አንዱን ጋራዥ ያለው ጎረቤት፣ ሌላውን አንድ የደጀን ሾፌር ወሰዱት። እናቲቱ ቀረች። እግሯ ቢድንም ታነክስ ነበር። ሱቅ ስሄድ ትከተለኛለች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድም ተከተለችኝና ቅጥሩ በር ላይ ስደርስ በድንጋይ አባረርኳት፤ ውሻ ቅጥር ውስጥ ከገባ የሚመጣውን ጣጣ የማያውቅ የለም። ቅዳሴ አልቆ ስወጣ ከመንገዱ ማዶ ተኝታ ትጠብቀኛለች።

በዚያው ሰሞን ያበደ ውሻ ሰው ነክሶ ኖሮ፣ ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና እየዞረ ውሻችሁን እሰሩ፣ ባለቤት የሌለው ይወገዳል ይል ጀመር። ይወገዳል ማለት መርዝ ማለት ነው። አከራዬ ከእንግዲህ ግቢዬ አትገባም አሉ። ሥጋ ሻጩን ለመንኩ፣ የወፍጮ ቤቱን ዘበኛ ለመንኩ፣ ዘመድ አዝማድ ለመንኩ። «ውሻዋ ወንድ ናት?» ብሎ የጠየቀኝም አለ።

የኔታ የመጡት ያኔ ነው። አምበር አካባቢ አንድ የገጠር ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ፣ ጧፍ በፈለጉ ቁጥር እኔ ዘንድ የሚመጡ ሽማግሌ ናቸው። በር ላይ የተኛችውን አይተው «የማን ናት?» አሉ።

«የማንም አይደለችም፣ የኔታ። ሴት ናት» አልኳቸው፣ ሳይጠይቁኝ።

«ጅቡ መቸ ሴት ወንድ ብሎ መረጠ? በጎቻችንን ፈጃቸው። ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ እኛ እናብላት፣ እሷ ትጩኽ።»

ሚኒባሱ ውሻ አልጭንም ስላለ፣ ጆንያ የጫነ አይሱዙ ለምነን የኔታ ጋቢና ገቡ፣ እሷ ጭነቱ ላይ ታሰረች። መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። ደግ ሠራሁ ብዬ ቀለል እያለኝ ወደ ሱቄ ተመለስኩ።

ትንሽ ሰንብቼ ደወልኩ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። «ውሻዋ እንዴት ሆነች፣ የኔታ?»

«ውሻዋማ ዐርፋለች፣ ልጄ። አታስቢ» አሉኝና መስመሩ ተቋረጠ።

ከመንከራተት ዐርፋ፣ ቤት አግኝታ ተቀምጣለች ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ። አከራዬ እንኳ «እሰይ፣ እሷም ሰው አገኘች» አሉ። በዚያ ደስታ ነው ሌላ ቦይ ውስጥ የተጣለች ጥቁር ሴት ቡችላ ያነሳሁት፤ አከራዬም ሳያጉረመርሙ ወተት ሰጧት። ለሴት ውሻም ቤት ይገኛል ብዬ ማመን ጀምሬ ነበር።

ከዚያ ለዘመድ ለቅሶ አምበር ሄድኩና መንገዴን አጥፌ የኔታ ቤት ደረስኩ። በፌስታል አጥንት ይዤላታለሁ። ግቢው ውስጥ አጣኋት። «የታለች?» ስላቸው የኔታ ግራ ተጋቡ።

«ዐርፋለች አልኩሽ እኮ፣ ልጄ።»

ውሻ ሞተ ነው የሚባለው። ዐረፈ የሚባለው ሰው ነው፣ ያውም የተከበረ ሰው። የኔታ ሊያስደነግጡኝ ስላልፈለጉ ለውሻዬ የሰው ቃል ሰጧት፤ እኔ የቅኔ አገር ልጅ ሰሙን ይዤ ወርቁን ጣልኩት።

በመጣች በማግስቱ ነው ገመዱን በጥርሷ በጥሳ የጠፋችው። ሲፈልጓት ውለው አስፋልቱ ዳር አገኟት፤ የጭነት መኪና ገጭቷት ነበር።

«ወዴት ስትሄድ ነው?» አልኩ፣ መልሱን እያወቅሁ።

«ወደ ማርቆስ ነዋ» አሉ የኔታ። «ወደ አንች ነዋ።»

እዚያው መደቡ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እኔ አገር ለአገር እየዞርኩ ቤት ስለምንላት፣ እሷ ቤቷን መርጣ ጨርሳ ኖሯል። ቤቱ ግን የእኔ አይደለም፣ የኪራይ ነው።

የኔታ ለቅሶዬ እስኪበርድ ጠብቀው «ሌላ ካለችሽ ላኪልኝ። ጅቡ መች ተወን?» አሉኝ። «አሁን ግን በሰንሰለት ነው የማስራት።»

ጥቁሯ ቡችላ ትዝ አለችኝ። ያ ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና በዚያ ሳምንትም ሲለፍፍ ነበር፤ እሷን ደግሞ የጠየቀ ሰው የለም።

«አለችኝ» አልኩ። «ሰንሰለቱ ግን ወፍራም ይሁን፣ የኔታ።»

ዛሬም በየጊዜው እደውላለሁ። የኔታ አሁን ቃላቸውን መርጠው ነው የሚመልሱልኝ። «አለች?» ስላቸው «አለች፣ ታስራ» ይሉኛል። ሰንሰለቷ አንዳንዴ ይፈታላት እንደሆነ መጠየቅ እፈልጋለሁ፤ ግን አልጠይቅም።