በቦይ ውሃ የበራ አምፖል

«አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም በሉልኝ አባባ። ሌላ አልጠይቅዎትም።»

«ጠፍቷል እኮ።»

«ውሃው ስላነሰ ነዋ።»

«እሱንም እናገራለሁ።»

ወታደሮቹ እኔን ገፍትረው አስገብተው ሲዘጉብን እንኳ ሽማግሌውና ወጣቱ እስረኛ ክርክራቸውን አላቋረጡም። የታሰርነው አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለ የሲሚንቶ መጋዘን ነበር። ቆርቆሮው ግሏል፤ ብናኙ ጉሮሮ ይከረክራል።

«አንተስ በምን መጣህ?» አለኝ ወጣቱ።

«በግጥም።»

«ጥሩ ነው። እኛ በአምፖል ነው።»

ወሎዬ ነው፤ የዱብቲ ጥጥ እርሻ መካኒክ። የመስኖው ቦይ ቁልቁል በሚወርድበት ቦታ ከበርሜል የሠራውን መዘውር ተክሎ፣ ከተበላሸ ካሚዮን በፈታው ዲናሞ ለአፋሮቹ መንደር መብራት አበራ። ናፍጣ አይፈልግ፣ ጭስ የለው። እርሻው ቦዩን ሲዘጋ ግን አምፖሉ ይደክምና ይጠፋል። የመንደሩ ሽማግሌ፣ እኚሁ አባባ፣ ይህን ሁሉ መንገድ ላይ ላገኙት እንግዳ ነገሩት። አፋር መንገደኛ ሲያገኝ ያየውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ያወራል። ዳጉ ይሉታል፤ በዳጉ የዋሸ ከሰው አይቆጠርም። እንግዳው የደህንነት ሰው ነበር። የሚበራ የሚጠፋ መብራት የወንበዴ ምልክት ነው ተባለና ሁለቱም ታሰሩ።

«መርማሪው ገዳዬ ነው አባባ።»

«ለገዳይ የተለየ ዳጉ የለንም።»

ከቀትር በኋላ መርማሪው ወታደር አስከትሎ ገባ።

«ሽማግሌ፣ መብራቱን የሚያጠፋው ይሄ ሰውዬ ነው በል። ዛሬውኑ ግመሎችህ ጋ ትሄዳለህ።»

ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። «ውሃ ሲመጣ ይበራል። ውሃ ሲሄድ ይጠፋል። የሰው እጅ አላየሁም።»

«እንግዲያው እዚሁ ትበሰብሳለህ።»

«ያየሁት ይሄ ነው።»

መርማሪው ለወታደሩ «ውሰደው» ብሎ በአገጩ ወደ መካኒኩ ጠቆመ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ቦዩን ሄጄ አይቼዋለሁ። ውሃው ያንኑ ቁልቁለት ይወርዳል፤ መንደሩ ግን ጨለማ ነው። ሽማግሌው «ይጠፋል» የምትለዋን አንዲት ቃል ቢቀንሱለት መካኒኩ ይተርፍ ነበር ወይ እያልኩ አስባለሁ። እሱ ግን ያን ቀን የሸሚዙን ቁልፎች እስከ አንገቱ ቆለፈ፤ ጎንበስ ብሎም የሽማግሌውን ጉልበት ሳመ።

«አፉ በሉኝ አባባ። ውሸት ላሸክምዎት ነበር።»

ሽማግሌው ራሱን ዳሰሱት።

ወደ እኔ ዞረ። «ገጣሚው፣ ቦዩን የሚዘጋውን ሰውዬ በግጥም ስደብልኝ።»

ወታደሩ ሊይዘው እጁን ሲዘረጋ ቀድሞት ወጣ። በሩ ተዘጋ።